ድምፃዊ ልጓም ነክሶ ጋሪ ቢጎትት ፈረሶቹን ይጠቅማቸዋል?

ጥያቄ፦ ከአላሙራ ሥር (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ይህን ጥያቄ ይዤ የመጣሁት ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ለሦስት ሳምንታት ያህል ተከራክረንበት መስማማት ስላልቻልን ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው የሐይቁን ዳር፣ የአሞራ ገደልን ዓሣና አባ ኮዳዎቹን ያስታውስ ይሆናል፤ እኛን ያገናኘን ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ከአሮጌው ገበያ ወደ ዳቶና ወደ አላሙራ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና የእህል ጆንያ ሲጎትቱ የሚውሉት የጋሪ ፈረሶች ጉዳይ ነው። ሰው የማመላለሱን ሥራ ባጃጅ ከወሰደው ቆይቷል፤ ለፈረሱ የቀረለት ከባድ ከባዱ ነው። ከእነዚህ ፈረሶች መካከል ደረቱ ወይም ትከሻው ላይ ገጣባ የሌለበትን ማግኘት ይከብዳል፤ ገጣባው ሳይጠግግም በማግሥቱ ያው የናይለን ገመድ ይመለስበታል።

ስብስባችን ገና ፈቃድ ያላገኘ፣ ከደመወዛችን እያዋጣን የቁስል ማጠቢያ መድኃኒት የምንገዛበት ትንሽ ማኅበር ነው። በቅርቡ ግን ያልጠበቅነው በር ተከፈተልን። በሚቀጥለው ወር በከተማችን የሙዚቃ ዝግጅት የሚያቀርብ አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ (ስሙን መጥቀስ ተገቢ ስላልሆነ እተወዋለሁ) በማናጀሩ በኩል ሊተባበረን ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀን። ማናጀሩ ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፤ ድምፃዊው በዝግጅቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደረቱን በጠፍር ታስሮ፣ በአፉ ልጓም ነክሶ፣ ራቁት ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ገጣባ ተሥሎበት፣ ድንጋይ የተጫነበት ጋሪ እየጎተተ በዋናው አስፋልት ወደ አዳራሹ ይመጣል፤ ሁለት ተወዛዋዦች ጋሪው ላይ ቆመው አለንጋ ያጮሃሉ፤ ቪዲዮውም በዚያው ሌሊት በቲክቶክ ይለቀቃል።

ከስድስታችን አራቱ ሐሳቡን በደስታ ተቀብለውታል፤ መከራከሪያቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፔታ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የእንስሳት መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲቋቋም ጥቂት ሰዎች ብቻ የነበሩበት ስብስብ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙን ያልሰማ ጋዜጠኛ ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጎ ጎስ የተባለው የሴቶች የሮክ ቡድን አባላት የእንስሳት ፀጉር ካፖርት ከመልበስ ራቁት መሄድ ይሻላል በሚል መፈክር ልብሳቸውን አውልቀው ለፖስተር ፎቶግራፍ ተነሡ። ዘመቻው ሠላሳ ዓመት ያህል ከቀጠለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ድርጅቱ ራሱ ዘጋው፤ እስከዚያ ድረስ በርካታ ታላላቅ የፋሽን ቤቶች ፀጉር መጠቀማቸውን አቁመው ነበር። «እነዚያ ሴቶች ባይራቆቱ ኖሮ ማን ይሰማ ነበር?» ይሉናል አራቱ።

እኔና አንዲት ጓደኛዬ ግን ሆዳችን አልቆረጠም። እኔ የምፈራው ሕዝቡ ስለ ዘፋኙ ጡንቻ አውርቶ እንዳይበተን ነው። እርሷ ደግሞ ባለጋሪዎቹ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጥረው ከእንግዲህ ፈረሶቻቸውን እንዳያስነኩን ትሰጋለች፤ እስካሁን ቁስል የምናጥበው በእነርሱ በጎ ፈቃድ ብቻ ነውና። እንዲህ ያለ ትኩረት ለመሳብ የሚደረግ ትርኢት በሌላው ዓለም በእርግጥ ለእንስሳቱ ያስገኘው ነገር አለ? ካለስ የትኛው ዓይነት ነው? ለማናጀሩ መልስ የምንሰጥበት ቀን ስለተቃረበ ሐሳባችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መልስ፦ ሰኮና

ጠያቂያችን፣ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንሁ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ገጣባው ልናገር። ድምፃዊው ጀርባው ላይ የሚሣለው ቁስል ቦታውን ስቷል። የጋሪ ፈረስ በአብዛኛው የሚቆስለው የመጎተቻው ጠፍር በሚያርፍበት በደረቱ፣ በትከሻውና በብብቱ፣ እንዲሁም የጋሪው ዘንጎች ክብደት በሚጫንበት በማጅራቱና በትከሻው መገናኛ ላይ ነው። ምክንያቱም አለንጋ አይደለም፤ ጠባብና ሸካራ ገመድ፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ያጋደለ ጭነት፣ ላብና አቧራ ናቸው። ጋሪው ላይ የሚቆሙት ተወዛዋዦች አለንጋ ሲያጮሁ ተመልካቹ ችግሩ የነጂው ክፋት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ችግሩ ግን ከሁሉ በፊት ለስላሳና ሰፊ ድልድል አለመኖሩ ነው። በአሮጌ ብርድ ልብስና በሸራ የተሰፋ ድልድል በየቀኑ ቢታጠብና ቢደርቅ ከሺህ ፖስተር ይልቅ ፈረሱን ያሳርፈዋል።

ገጣባ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ ሌላም ልጨምር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥበት ያለው አየር ውስጥ የሚገኙ ከተሞቻችን፣ ሐዋሳንና አዳማን ጨምሮ፣ የጋማ ከብትን ቆዳና የቆዳ ሥር የሚይዝ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለባቸው። በእግሩ፣ በደረቱና በአንገቱ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጥ፣ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ ነው። የሚገባው በተከፈተ ቁስል ሲሆን ዝንብ፣ በጋራ የሚያገለግል ጠፍርና ሳይጸዳ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚዘዋወር ጨርቅ ያዛምቱታል። ሥር ከሰደደ በኋላ ማዳኑ ውድና አድካሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ፈረሱ ሜዳ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ የእናንተ የቁስል ማጠቢያ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ዋጋ አለው፤ ባለጋሪዎቹን ማስቀየም ማለት ይህን ማቋረጥ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ምናልባት ማናጀሩ «እንግዲያውስ እውነተኛ ፈረስ መድረክ ላይ እናውጣ» ቢል በፍጹም አትስማሙ። ድምፅ ማጉያና መብራት ባለበት ግርግር ውስጥ የደነገጠ ፈረስ ራሱንም ሰውንም ይሰብራል። እንስሳ በመድረክ ላይ ለትርኢት ሲቀርብ ነገሩ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 ኦዚ ኦዝበርን በአሜሪካ ዴ ሞይን ከተማ ሲዘፍን የተወረወረለትን የሌሊት ወፍ የላስቲክ መስሎት ጭንቅላቷን ነከሰ፤ ከዚያም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወጋ። ሰዉ ዛሬም ድረስ እየሳቀ የሚያወራው ስለ ኦዚ ነው፤ ስለ ሌሊት ወፏ ያዘነ ሰው ብዙም አልገጠመኝም።


መልስ፦ የአዳማው መምህር

ለረጅም ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ሳስተምር ስለኖርሁ ጥያቄው የሙያዬ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ።

በመጀመሪያ ሁለት ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 12 ቀን 2010፣ በእኛ አቆጣጠር የ2003 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማግሥት የሆነው ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሌዲ ጋጋ በኤምቲቪ የቪዲዮ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ፣ የሥጋ ቁራጭ እንደ ባርኔጣ ደፍታ፣ የሥጋ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ቁርጥ ለምንወደው ለእኛ ጥሬ ሥጋው ብቻውን አያስደነግጠንም፤ በበዓል ሰሞን ያን ያህል ሥጋ ትከሻ ላይ ሲባክን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ፔታ ወዲያውኑ አወገዛት። እርሷ በበኩሏ ቀሚሱ ሰው ለመብቱ መቆም እንዳለበት ለማሳየት የተሰፋ መሆኑን፣ ከዚህም ጋር በወቅቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የነበረን አንድ ደንብ መቃወሟን አስረዳች። ቀሚሱ በኋላ እንደ አውሬ ቆዳ በመድኃኒት ደርቆ ክሊቭላንድ በሚገኘው የሮክ ሙዚቃ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። አወጋዡም ተወጋዡም በዚያ ሰሞን በየጋዜጣው ስማቸው ተነሣ። ከክርክሩ የጠፋው በሬው ነው።

በዚያች ምሽት ትልቁን ሽልማት ለጋጋ ያስረከበችው፣ የሥጋ ቦርሳዋንም የያዘችላት ዘፋኝ ሼር ነበረች። ይህን የምጠቅሰው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ ሁለተኛው ትዕይንት የእርሷ ስለሆነ ነው። ካቫን የተባለው ዝሆን እ.ኤ.አ. በ1985 ከስሪ ላንካ ለፓኪስታን በስጦታ የተላከ ሲሆን በኢስላማባድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ኖረ፤ ጓደኛው የነበረችው ዝሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ስትሞት ብቻውን ቀረ፤ በሰንሰለት ታስሮ ከጎን ወደ ጎን ጭንቅላቱን እየወዘወዘ መዋል ልማዱ ሆነ። የዚያው አገር ሰዎች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ሼር ነገሩን ሰምታ ለዓመታት ደጋግማ አነሣችው፤ ጠበቆች አቆመች፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዝሆኑ ነጻ እንዲወጣ ፈረደ። ፎር ፖስ የተባለው ድርጅት የላከው የእንስሳት ሐኪም ለጉዞው ሲያለማምደው የፍራንክ ሲናትራን ዘፈን እያንጎራጎረ ያረጋጋው ነበር፤ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእንስሳው በቀጥታ የዘፈነው ዘፋኟ ሳትሆን ሐኪሙ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በኖቬምበር መጨረሻ ካቫን በጭነት አውሮፕላን ወደ ካምቦዲያ ተወሰደ፤ ሼርም ፓኪስታን ድረስ ሄዳ ሸኘችው፣ ካምቦዲያም ደርሳ ተቀበለችው።

እንግዲህ ይህች አንዲት ሴት ናት። በአንዱ ምሽት ያደረገችው ቦርሳ መያዝ ነበር፤ በሌላው ጊዜ ያደረገችው ለዓመታት አንድን ጉዳይ አለመልቀቅ ነበር። ለሁለተኛው ክብደት የሰጠው ዝናዋ ብቻ አይደለም፤ ከፊቷ ስሙ የታወቀ አንድ እንስሳ፣ አንድ ቦታ፣ ሊፈርድ የሚችል አንድ ፍርድ ቤት፣ ሊያክም የሚችል አንድ ሐኪም መኖራቸው ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ ዝነኛ ሰውም እንደዚያው ነው። ከደረሳችሁ በኋላ የሚዋጋ ሰው አዘጋጅታችኋል? በጽሑፍዎ ውስጥ ሕዝቡ ቪዲዮውን ካየ በኋላ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ አላገኘሁም። ገንዘብ ያዋጣ? ከባድ ጭነት ለጋሪ ከመስጠት ይታቀብ? የከተማው አስተዳደር የውኃ ገንዳ ይሥራ? ይህ ካልተወሰነ ቪዲዮው የድምፃዊው ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል፤ ማናጀሩም ይህን ሳያውቅ ያቀረበው አይመስለኝም።

ሌላው አደጋ ድምፃዊው የማያውቀውን ሲጠየቅ የሚሆነው ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ፒንክ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከፔታ ጋር ሆና የአውስትራሊያ የበግ ፀጉር እንዳይገዛ ቀሰቀሰች። ጉዳዩ ዝንብ እንዳይተላበት ሲባል ከግልገሉ ጅራት ሥር ያለውን ቆዳ ቆርጦ የማንሣት ልማድ ነበር። አውስትራሊያውያን ጋዜጠኞችና በግ አርቢዎች በጥያቄ ሲያጣድፏት ከመናገሯ በፊት በራሷ በበቂ ሁኔታ አለማጥናቷን አመነች። በዚህ ላይ ልማዱ በእርግጥ የሚያም ነው፤ ክርክሩ ግን ከበጉ ወጥቶ ወደ ዘፋኟ ዕውቀት ዞረ። የእናንተን ድምፃዊ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ገጣባ በምን ይድናል?» ቢለው ምን ይመልሳል?

ስለ መራቆቱ ደግሞ አንድ ጥናት አለ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ የፔታን የራቁት ሴቶች ማስታወቂያ ያዩ ወንዶች ስሜታቸው ቢነሣሣም ድርጅቱን ለመደገፍ ያላቸው ፍላጎት እንዳልጨመረ፣ ይልቁንም እንደቀነሰ ዘግበዋል፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው ሴቶቹን ከሰውነት ክብር ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይና ይህም ለሌላ ፍጡር የመራራትን ዝንባሌ ስለሚያዳክም ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። በእኛ ባህል ሰውን በልጓም ማሰር ትልቅ ውርደት ነው። ሰውን እንደ ከብት በማዋረድ ለከብት ርኅራኄ ማስተማር ይቻላል ብዬ አላምንም፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ በማግሥቱም ለድምፃዊው የሚወጣለትን ቅጽል ስም ከወዲሁ መገመት ይቻላል።


መልስ፦ የባለጋሪ ልጅ

አባቴ እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ጋሪ ነድቶ ነው ያስተማረኝ፤ አሁን በሕግ ሙያ እሠራለሁ። የመምህሩን ጽሑፍ በአድናቆት አነበብሁት፤ ይሁንና ከዝሆኑ ታሪክ የጎደለ ሰው አለ። በዝሆኑ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ቤተሰብ አልነበረም። በጋሪው ፈረስ ላይ ግን አለ።

አባቴ ፈረሱም ጋሪውም የራሱ አልነበረም። ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባ ነበር፤ ዝናብ ይዝነብ፣ ፈረሱ ይመም፣ ገበያ ይጥፋ፣ ገቢው አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ምልልሶች የባለቤቱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፉርሽካና ገብስ ይገዛል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ የእኛ እራት ነበሩ። ፈረሱ የሚደክመው በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ሁለት ምልልሶች ነው። አባቴ ማታ ማታ የፈረሱን ደረት በጨው ውኃ ሲያጥብ እያየሁ አድጌአለሁ፤ ተወዛዋዦቹ አለንጋ ይዘው እርሱን ሆነው ሲጨፍሩ ባየው ምን እንደሚሰማኝ ለእናንተ ልተወው።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፖል ማካርትኒ ከወቅቱ ባለቤቱ ጋር ወደ ካናዳ የሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ በረዶ ወርዶ ከነጭ የአቆስጣ ግልገል ጎን ፎቶግራፍ ተነሣ። (አቆስጣ በባሕር የሚኖር፣ በኦሪት ዘጸአት ቁርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ እንደዋለ የምናነበው እንስሳ ነው።) ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ነገር ግን ነጭ ግልገሎቹን ማደን በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። የኒውፋውንድላንድ ክፍለ ሀገር መሪ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ይህንኑ ፊት ለፊት አነሣበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ኅብረት የአቆስጣ ውጤቶች ንግድን አገደ፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ለሚኖሩት ለኢንዩት ሕዝቦች ልዩ ፈቃድ ቢተውላቸውም ገበያው በጠቅላላ ስለወደቀ ፈቃዱ ብዙም አልጠቀማቸውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንዩት ዘፋኟ ታንያ ታጋክ የካናዳን የፖላሪስ የሙዚቃ ሽልማት ስትቀበል መድረኩን የተጠቀመችበት ፔታን በኃይለ ቃል ለመንቀፍና ሰዎች አቆስጣ እንዲበሉና ቆዳውን እንዲለብሱ ለመጋበዝ ነበር። ሙዚቀኛ በሁለቱም ወገን ሊቆም ይችላል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አንደኛዋ ስለ ራሷ ጓዳ መናገሯ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የዓለምን ዓይን ወደ እኛ አዞረ። የተሰበሰበውን ገንዘብ አልክድም፤ ብዙ ነፍስ ያተረፈ እህል ገብቷል። ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ የነበርነው እኛ አንድ ቃል እንድንናገር ማን ጠየቀን? ሥዕሉ ከረኀቡ በኋላም ሠላሳና አርባ ዓመት ተከትሎናል። ያን የሚያስታውስ ሰው በሌላው ላይ ካሜራ ከማዞሩ በፊት ቢያንስ ሊያስፈቅደው ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ሕጉ አንድ ቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ በእንስሳት ላይ መጨከንን የሚያስቀጣ ድንጋጌ አለው። ትርኢቱ ቁጣ ከቀሰቀሰ በኋላ አንድ ደንብ አስከባሪ ይህን ሕግ ይዞ ቢነሣ የሚቀጣው የፈረሱን ባለቤት አይሆንም፤ መንገድ ላይ የተገኘውን ነጂ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ለባለቤቶቹ ይመስለኛል፤ በሳምንት አንድ ቀን ገቢ የማይጠየቅበት የፈረስ ዕረፍት ቢፈቅዱ ከማንኛውም ቪዲዮ በፊት ለውጥ ይመጣል።


መልስ፦ ተመልካች

ሁላችሁም ድምፃዊውን አባርራችሁ ልትጨርሱት ነው! ሰውየው ሊረዳ ፈቃደኛ ሆኗል፤ ይህ በአገራችን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያለ ልጓምም መጠቀም ይቻላል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢሊ አይሊሽ እ.ኤ.አ. በ2021 ለኒው ዮርኩ የሜት ጋላ ድግስ ኦስካር ደ ላ ሬንታ የተባለውን የፋሽን ቤት ቀሚስ ለመልበስ የጠየቀችው ቤቱ የእንስሳት ፀጉር መሸጥ እንዲያቆም ነበር፤ እነርሱም ተስማሙ። አልተራቆተችም፤ ማንንም አላዋረደችም፤ በእጇ ያለውን ዋጋ አውጥታ ተደራደረች። የእናንተ ድምፃዊም መድረኩን ስፖንሰር ከሚያደርጉት መካከል የሲሚንቶና የብሎኬት ነጋዴዎች እንዳሉ ይወቅ። ለእነርሱ አንድ ቃል ቢናገር፣ ጭነት ቢቀንሱ፣ በቂ ነው።

ደግሞ ሕዝባችን ያለ ዘፋኝም ሲቆጣ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ የተዘጋው በነዋሪው ቁጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወስነዋል። እውነት ለመናገር የቢሾፍቱው ቁጣ ለአህያ ከማዘን ይልቅ አህያ ማረድን ከመጸየፍ የመጣ ነበር፤ አህያይቱ ግን ልዩነቱን አትጠይቅም።


የጠያቂው ምላሽ፦ ከአላሙራ ሥር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ስድስታችን ተሰብስበን መልሶቻችሁን ጮክ ብለን አነበብናቸው። የባለጋሪው ልጅ ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ምልልሶች የጻፉትን ስናነብ ከአራቱ መካከል ሁለቱ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ አንዱ አሁንም «ያለ ልጓም ፎቶ የለም፣ ያለ ፎቶ ደግሞ ማንም የለም» እያለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። አራተኛዋ ዝም ብላለች።

ለማናጀሩ ልጓሙ፣ የተሣለው ገጣባና ተወዛዋዦቹ እንዲቀሩ ነግረነዋል። ደስ አላለውም። «እንግዲያው የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ድምፃዊው ራሱ ደወለ። የልጅነቱን ጊዜ ያሳለፈው ጋሪ በሚበዛበት ሰፈር መሆኑን፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ በነጻ ያሳፍረው የነበረ አንድ ባለጋሪ እንደነበረ አጫወተን፤ ይህን ማናጀሩም የሚያውቅ አይመስለኝም። ያቀረብንለት ሐሳብ ሁለት ነው። በዝግጅቱ ዕለት በሁለት ዘፈኖች መካከል ፈቃደኛ የሆነ አንድ ባለጋሪ ማይክራፎኑን ይዞ ለሦስት ደቂቃ ስለ ሥራውና ስለ ፈረሱ ይናገር፤ ድምፃዊው ደግሞ ለአርባ ፈረሶች የሚሆን ድልድል ማሰፊያ ይክፈል፤ ዋጋውም በመድረኩ ላይ ይነገር። በመጀመሪያው ተስማምቷል፤ በሁለተኛው ላይ ከማናጀሩ ጋር እነጋገራለሁ ብሏል። ስለ ገቢና ስለ ዕረፍት ቀን ከፈረስ ባለቤቶቹ ሦስቱን የፊታችን እሑድ እናገኛቸዋለን፤ የባለጋሪው ልጅ አብረውን ቢገኙ ደስታውን አንችለውም።

ለሰኮና አንድ ጥያቄ አለኝ። ድልድሉን ሊሰፉልን ፈቃደኛ የሆኑት የባጃጅ ወንበር የሚያለብሱ ልጆች ናቸው። እነርሱ የሚያውቁት ስፖንጅና ፕላስቲክ ቆዳ ነው። ይሆናል?


መልስ፦ ሰኮና

ፕላስቲክ ቆዳው አይሆንም፤ ላቡን አምቆ ቆዳውን ያበሰብሰዋል፤ ስፖንጁም ውኃ ስለሚይዝ ማታ አይደርቅም። ልጆቹ ስፌቱን ይስፉ፤ ጨርቁ ግን ከውጭ ሸራ፣ ከውስጥ የሱፍ ብርድ ልብስ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ በደረቱ ላይ ስፋቱ ከአንድ መዳፍ እንዳያንስ፤ ቋጠሮና ወፍራም ስፌት ፈረሱን በሚነካው በኩል እንዳይመጣ አደራ። ለእያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ይሁንለት፤ አንዱ የሌላውን እንዳይዋስ ስሙን በክር ጻፉበት። ሁለት ሰፍታችሁ ሐሙስ ጠዋት አሮጌው ገበያ ካለው የጋሪ ማቆሚያ አምጡልኝ፤ መጀመሪያ ቁስል በሌለበት ፈረስ ላይ እንለካዋለን።